ከቀኝህ ያለው ሲያስይዝ፦ በሊሚት ፖከር ጠንካራ ጥንድ ይዘህ ሬዝ የምታደርገው መቼ ነው?

ጥያቄ፦ ጋሼ ሰላም ነዎት? ላስ ቬጋስ ታክሲ እነዳለሁ፤ በእረፍት ቀኔ 4/8 ሊሚት ሆልደም (ማስያዣው መጀመሪያ 4፣ በኋላ 8 ዶላር ብቻ የሆነ ፖከር) እጫወታለሁ። ባለፈው ኤስና ኪንግ ደረሰኝና ሬዝ አደረግሁ (ማስያዣውን ከፍ አደረግሁ)፤ ከእኔ ጋር ስድስት ሰው በ8 በ8 ዶላር ገባን። ፍሎፑ (መጀመሪያ የሚገለጡት ሦስት የጋራ ካርታዎች) የልብ ኪንግ፣ የልብ 8፣ የክለብ 5 ሆነ። ሁለቱ ብላይንዶች (ካርታ ሳያዩ በግዴታ የሚያስይዙት) ቼክ አሉ፣ ሳያስይዙ አለፉ ማለት ነው፤ ከቀኜ ያለው ሰው 4 ዶላር አስያዘ። እኔ «ተርን (አራተኛው የጋራ ካርታ) ላይ ማስያዣው እጥፍ ሲሆን ሬዝ አደርጋለሁ» ብዬ ኮል ብቻ አልኩ፣ እኩል ከፈልኩ። ሁሉም ተከትሎ ገባ። ተርን ላይ የዳይመንድ 6 ወረደ። ከቀኜ ያለው አስያዘ፣ ሬዝ አደረግሁ፣ ከግራዬ ያለው በላዬ ላይ ሬዝ አደረገ። 9 እና 7 ነበር የያዘው፤ ስትሬት (አምስት ተከታታይ ካርታ) ሆኖለታል። ጓደኞቼ ዕድል ነው ይሉኛል። ሬዝ ሳደርግ ሁሉም ይከተለኛል፣ ሳላደርግ ደግሞ ይበሉኛል። ታዲያ መቼ ነው ማድረግ ያለብኝ?

ምላሽ፦ ወንድሜ፣ ጓደኞችህ ዕድል ነው ያሉህ ሊያጽናኑህ ነው። 6 መውረዱ ዕድል ነው፤ እሱን ማንም አይቆጣጠረውም። ያ ሰው ፍሎፑ ላይ 4 ዶላር አስገብቶ 6ን መጠበቁ ግን ዕድል አይደለም። ሂሳቡ ትክክል ነበር፤ ትክክል እንዲሆን ያደረግህለት ደግሞ አንተ ነህ። ቁጥሩን አብረን እንየው፤ ነገሩ ሁሉ ያለው እዚያ ውስጥ ነውና።

ፍሎፑ ሲወርድ ፖቱ (መሃል የተሰበሰበው ገንዘብ) ውስጥ 48 ዶላር ነበር፤ ስድስት ሰው በ8 ዶላር። ከቀኝህ ያለው 4 ጨመረ፣ 52 ሆነ። አንተ ኮል ስትል 56 ደረሰ። እንግዲህ 9 እና 7 የያዘው ሰው 4 ዶላር ከፍሎ 56 ለማግኘት ይሞክራል፤ ማለት 14 ለ1። እሱ የሚያድኑት አራት 6ዎች ናቸው። ካላያቸው 47 ካርታዎች ውስጥ አራቱ ይጠቅሙታል፣ 43ቱ አይጠቅሙትም፤ ይህ ወደ 10.75 ለ1 ይመጣል። 10.75 የሚያዋጣውን ነገር 14 እየተከፈለው ሊጥለው ነው? እኔም ብሆን አልጥልም።

አሁን ሬዝ አድርገህ ቢሆንስ? 52 ላይ የአንተ 8 ሲጨመር 60 ይሆናል። ያ ሰው ለመግባት 4 ሳይሆን 8 ያስፈልገዋል። 60 ለ8፣ ማለት 7.5 ለ1። 10.75 የሚያስፈልገው ሰው 7.5 ሲከፈለው ይከስራል። እርግጥ 6 ቢወርድለት በኋላ ከእናንተ የሚሰበስበው ተጨማሪ ገንዘብ አለ። ሂሳቡ እንዲሞላለት ግን ወደ 26 ዶላር ገደማ ከዚያ በኋላ ማግኘት አለበት፤ ያውም ከአራቱ 6ዎች አንዱ የልብ ነው፣ እሱ ሲወርድ ፍላሽ (አምስት ካርታ በአንድ ምልክት) የሚጠብቅ ሰው ካለ ጉዱ ፈላ። በዚያ ላይ ከቀኝህ ያለው በአንተ ላይ እንደገና ሬዝ ሊያደርግ ይችላል፤ ያኔ ዋጋው ይብስበታል። ስለዚህ ይጥላል፣ ወይም ከስሮ ይገባል። ሁለቱም ለአንተ ደስ የሚል ነው።

8 እና 7 ይዞ መካከለኛ ጥንድ ያለውን ሰው ደግሞ አስብ። ሁለት 8 እና ሦስት 7፣ በጠቅላላው አምስት ካርታ ያሻሽለዋል፤ 42 ለ5፣ ማለት 8.4 ለ1 ያስፈልገዋል። ኮል ብቻ ብለህ 14 ሰጠኸው፤ ሬዝ ብታደርግ 7.5 ነው። አየህ፣ ያንተ አንድ ሬዝ የእነዚህን ሁለት ሰዎች ትክክለኛ ውሳኔ ወደ ስህተት ይለውጠዋል።

አሥራ አንድ ዓመት እዚህ ከተማ ውስጥ የሊሚት ጠረጴዛ ላይ ካርታ አከፋፍያለሁ። አከፋፋይ የሰው እጅ ያያል፤ ሥራው ነውና። በ4/8 ጠረጴዛ ላይ ሁለት ካርታ ይዞ የሚጠብቅ ሰው ተራው ሳይደርስ አራት ቺፕ በጣቶቹ አንስቶ ይይዛል፤ ሊገባ ወስኗል ማለት ነው። ከፊቱ ያለው ሰው «ሬዝ» ሲል ያ እጅ ለቅጽበት ይቆማል። አራቱን ቺፕ ያያል፣ ከቁልሉ ሌላ አራት ማንሳት እንዳለበት ይገባዋል፣ አንዳንዱ አራቱንም ወደ ቁልሉ ይመልስና ካርታውን ይገፋል። ያንን የእጅ መቆም ሺህ ጊዜ አይቻለሁ። አራት ዶላር አስገብቶ በኋላ ሌላ አራት የተጠየቀ ሰው ግን እንዲያ አይቆምም። አንዴ ገብቷል፤ ሁለተኛውን አራት እንደ ዕዳው ቆጥሮ ይጨምራል። የሊሚት ሬዝ ምስጢር ለእኔ ይኸው ነው፦ ሰው ፊት ስምንቱን አንድ ላይ ማስቀመጥና አራት አራቱን በሁለት ጊዜ ማስቀመጥ አንድ አይደሉም።

ኖ ሊሚት (ማስያዣው ገደብ የሌለው ጨዋታ) ላይ ያለህን ሁሉ ገፍተህ ሰው ታባርራለህ። እዚህ አይቻልም። ፍሎፕ ላይ 4፣ ተርንና ሪቨር (አምስተኛውና የመጨረሻው የጋራ ካርታ) ላይ 8፣ አለቀ። ሬዙም በአብዛኛው ካዚኖ ቤት ሦስት ጊዜ ተደርጎ ይቆማል። ስለዚህ ያለህ መሣሪያ አንድ ነው፤ ሌሎቹ ሁለት ማስያዣ በአንዴ እንዲያዩ ማድረግ። እሱን ማድረግ የምትችለው ደግሞ ያስያዘው ሰው ከአንተ በፊት፣ በቀኝህ በኩል፣ ቅርብህ ሲቀመጥ ብቻ ነው። አንተ የተቀመጥህበት ቦታ ያ ነበር። ከቀኝህ አስያዘ፤ ከግራህ ሁለት ሰው አለ፣ ከእነሱ ቀጥሎ ቼክ ያሉት ሁለቱ ብላይንዶች አሉ። አራት ሰው ስምንት ዶላር ሊጠየቅ ይችል ነበር። ከዚህ የተመቸ መቀመጫ በአንድ ምሽት ብዙ አይገኝም፤ ስላለፈህ ነው እንዲህ የማስረዝምብህ።

ከግራህ ያለው ቢያስይዝስ? ሁላችሁም ቼክ አላችሁ እንበል፤ መጨረሻ ላይ የተቀመጠው 4 አስያዘ። ብላይንዶቹና ከቀኝህ ያለው ካንተ በፊት 4፣ 4 ይከፍላሉ፤ ተራው አንተ ጋ ሲደርስ ሰዎቹ ገብተዋል። አሁን ሬዝ ብታደርግ ከእነሱ ማንንም አታባርርም። ታዲያ ታድርግ? በእኔ እምነት አዎ፤ ምክንያቱ ግን ሌላ ነው፣ እሱም ወደ ሁለተኛው ቅሬታህ ያመጣናል።

«ሬዝ ሳደርግ ሁሉም ይከተለኛል» ብለሃል፤ ልክ መጥፎ ነገር እንደሆነ። ስድስት ሰው ባለበት እያንዳንዱ 4 ሲያስገባ 24 ዶላር ይገባል፤ ያንተ 4 ነው። ከስድስት አንድ ጊዜ ብቻ ብታሸንፍ ገንዘብህ ይመለሳል። ከዚያ በላይ ካሸነፍህ የሚገባው እያንዳንዱ ዶላር ትርፍ ነው። ከሁሉ የሚበልጠውን እንውሰድ፤ ሁለት ኤስ ይዘህ ምንም የማታውቃቸው ካርታዎች የያዙ አምስት ሰዎች እስከ መጨረሻው ቢከተሉህ የምታሸንፈው 49 በመቶ ያህሉን ነው። ከግማሽ በላይ ትበላለህ ማለት ነው! ግን ከ24 ዶላሩ ውስጥ ያንተ ድርሻ በአማካይ 11.76 ይሆናል፤ ያስገባኸው 4 ነው። አንድ ሰው ብቻ ቢከተልህ 85 በመቶ ታሸንፋለህ፣ የምታገኘው ግን ትንሽ ነው። አእምሯችን የሚያስታውሰው የተበላንበትን ምሽት ነው፤ ገንዘቡ የሚቆጠረው ግን በአማካዩ ነው። ኤስና ኪንግ ይዘህ ኪንግ ሲወርድልህ ከስድስት አንድ ጊዜ ብቻ ነው የማሸንፈው ብሎ የሚያስብ ሰው የለም። እንግዲህ ሰው ሲበዛ አትፍራ፤ ሬዝህን አድርግ፤ ብዙ ጊዜ መበላት እንዳለም ቀድመህ ተቀበል። እኔ ይህን ለመቀበል ዓመታት ፈጅቶብኛል፤ ለዚህ ነው በጥያቄህ ውስጥ ያለው ምሬት የገባኝ።

ፍላሽ የሚጠብቀውን ሰው ደግሞ እርሳው። ዘጠኝ ካርታ አለው፤ 38 ለ9፣ ማለት 4.2 ለ1 ይበቃዋል። 7.5 ስትሰጠው አይሄድም፣ መሄድም የለበትም። እሱን እንዲከፍል ታደርጋለህ እንጂ አታባርረውም። የምታባርረው አራትና አምስት ካርታ የሚጠብቁትን ነው፤ ብዙ ሲሆኑ ድምፃቸውን ሳያሰሙ ፖትህን ተከፋፍለው የሚወስዱብህ እነሱ ናቸው።

አሁን ወደ ሐሳብህ ልመለስ። «ተርን ላይ እጥፍ ሲሆን» ያልከው ከሜዳ የመጣ ሐሳብ አይደለም፤ ቦታ አለው። ያንተ ስህተት በተሳሳተ ፖት ላይ መጠቀምህ ነው። ፍሎፑ ከመውረዱ በፊት ሁለት ጊዜ ሬዝ ተደርጎ ስድስታችሁም በ12 ዶላር ገብታችሁ ቢሆን ፖቱ 72 ነው። ያኔ ከቀኝህ 4 ሲያስይዝ፣ አንተ 8 ስታደርግ 84 ይሆናል፤ ከኋላህ ላለው 84 ለ8፣ ማለት 10.5 ለ1 ነው። 8 እና 7 የያዘው 8.4 ብቻ ነው የሚፈልገው፤ በደስታ ይገባል። 6ን የሚጠብቀውም 10.75 አጠገብ ደርሷል፤ በኋላ የሚሰበስበው ሲታሰብ እሱም ይገባል። ሬዝህ ማንንም አላሳሳተም። እንዲህ ባለ ትልቅ ፖት ግን ኮል ብለህ ብትጠብቅ፣ ሁሉም 4 ቢያስገባ ተርን ላይ 96 ይሆናል። ከቀኝህ እንደገና 8 ሲያስይዝ 104፣ አንተ 16 ስታደርግ 120። ከኋላህ ያለው 120 ለማግኘት 16 ይጠየቃል፤ 7.5 ለ1። ተርን ላይ አምስት ካርታ የሚጠብቅ ሰው 41 ለ5፣ ማለት 8.2 ያስፈልገዋል። አሁን ተሳሳተ። ፍሎፕ ላይ የማይቻለው ተርን ላይ ተቻለ።

ልዩነቱን አየኸው? 48 ዶላር ሲሆን የፍሎፑ ሬዝ ብቻውን ሥራውን ይሠራል፤ ስለዚህ መጠበቅ ነፃ ካርታ እንደማደል ነው። 72 ሲሆን የፍሎፑ ሬዝ አይሠራም፤ ስለዚህ መጠበቅ ያዋጣል። ለመጠበቅም ሁለት ነገር መሟላት አለበት። አንደኛ፣ ከቀኝህ ያለው ሰው ተርን ላይ እንደገና እንደሚያስይዝ ልብህ ሊነግርህ ይገባል። እሱ ቼክ ካለ ዕቅድህ ከሸፈ፤ አንተ ራስህ 8 ታስይዛለህ፣ ሰዎቹ አንድ ማስያዣ ብቻ ያያሉ። ሁለተኛ፣ የሚወርደው ካርታ የማያስፈራ መሆን አለበት። ሦስተኛ ልብ ወርዶ፣ ወይም እንደ አንተ ጊዜ 5፣ 6፣ 8 ተደርድሮ፣ አምስት ሰው ፊት «ዕቅዴ ነው» ብሎ ሬዝ ማድረግ ግትርነት ነው። ያንን 6 ስታይ ኮል ብለህ ማለፍ ነበረብህ።

በላይህ ሬዝ ከተደረገ በኋላስ መጣል ነበረብኝ ወይ ብለህ አልጠየቅህም፤ ግን ሌሊት እንቅልፍ ሲነሳህ የምታስበው እሱን ይመስለኛል። ተርን መጀመሪያ ላይ ፖቱ 72 ነበር፤ 8፣ 16 እና 24 ሲጨመሩ 120። አንተ 8 መክፈል፣ ሪቨር ላይ ደግሞ 8 መክፈል፤ 16 ከፍለህ 128 ለማግኘት። ከዘጠኝ አንዴ ትክክል ከሆንህ ገንዘብህ ይመለሳል። ያ ሰው በኪንግና ኩዊን ወይም በባዶ ፉከራ እንዲህ የሚያደርግ ዓይነት ከሆነ ክፈለው። ምሽቱን ሙሉ አንድ ጊዜ እንኳ በሰው ላይ ሬዝ አድርጎ የማያውቅ፣ ሻዩን እየጠጣ ዝም ብሎ የተቀመጠ ሰው ከሆነ ግን ጣል፤ ስትሬት ከያዘ በሪቨር የሚያድንህ አንድም ካርታ የለም። በሊሚት ግን ከመጣል ይልቅ መክፈል ይቀላል፤ ትልቅ ፖት በስህተት መጣል የሚያስከፍለው 8 ዶላር በስህተት ከመክፈል ብዙ ይበልጣል።

ሁለት ሰው ብቻ ስትቀሩ ነገሩ ይለወጣል። የምታባርረው ሦስተኛ ሰው የለም፤ ስለዚህ ጥያቄው ገንዘብ መሰብሰብ ብቻ ነው። ኪንግ፣ 7፣ 2 በሦስት የተለያየ ምልክት ወርዶ እሱ ካስያዘ፣ የሚጠብቀው ነገር ስለሌለው ፍሎፕ ላይ ኮል ብለህ ተርን ላይ ሬዝ አድርግ፤ ያንተ ሬዝ 4 ሳይሆን 8 ያወጣል። ልቦቹ ሁለት ሆነው፣ ካርታዎቹ ተቀራርበው ከወረዱ ወዲያው አድርገው። አንዳንድ ወንድሞች «ይህን እኮ ኮምፒውተር ፈትቶታል» ይሉኛል። እውነት ነው፤ የካናዳው አልበርታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሴፊየስ በተባለ ፕሮግራም የሁለት ሰው ሊሚት ሆልደምን እንደፈቱት በ2015 አሳትመዋል። የሁለት ሰው ነው ግን። ስድስት ሰው የሚገባበት ጠረጴዛህ ላይ ፖቱን ቆጥረህ፣ ቀኝህንና ግራህን አይተህ ራስህ ትወስናለህ።

ሁለት ጃክ ወይም ሁለት ኩዊን ይዘህ ስለምትገባበትም ባጭሩ፦ ከፍሎፕ በፊት ሁልጊዜ ሬዝ። ሁለት ጃክ ከያዝህ ግን ፍሎፑ ላይ ኩዊን፣ ኪንግ ወይም ኤስ የመውረዱ ዕድል 57 በመቶ ገደማ ነው፤ ለሁለት ኩዊን 41 በመቶ። የሚበልጥህ ካርታ ወርዶ፣ አንዱ አስይዞ ሌላው ሬዝ ካደረገ ያንተ ጥንድ ከእንግዲህ ጠንካራ አይደለም፤ ጣለው። በአንጻሩ 9፣ 6፣ 2 ከወረደ እስከ መጨረሻው ሬዝ ድረስ ሂድበት።

ሪቨር ላይ ደግሞ የምታባርረው የለም፣ የሚጠበቅ ካርታም የለም። መጨረሻ የምትናገረው አንተ ሆነህ ሁሉም ቼክ ካለ፣ ከሚከፍልህ ሰው ከግማሽ በላይ ጊዜ የምትበልጠው ከመሰለህ አስይዝ። ሰው ካስያዘብህ በኋላ በአንድ ጥንድ ሬዝ ማድረግ ግን ከግማሽ በላይ ይጠይቃል፤ በላይህ ሲደገምብህ ሌላ 8 ስለምትከፍል። እኔ በኪንግ ጥንድ ብዙ ጊዜ ኮል እላለሁ።

አንድ ትንሽ ዘዴ ልጨምርልህ፤ መቀመጫ የመምረጥ ነገር ነው። ከግራህ ሬዝ የሚወድ፣ እጁ የማያርፍ ሰው ካለ፣ ቼክ ብለህ እሱን አትጠብቀው። አንተ ቀድመህ አስይዝ፤ እሱ በአንተ ላይ ሬዝ ያደርጋል፣ ሌሎቹ ሁለት ማስያዣ ያያሉ። ያንተን ሥራ እሱ ሠራልህ ማለት ነው።

ቺፕ ከመግፋትህ በፊት «ሬዝ» ብለህ በአፍህ ተናገር። ስንት ሰው ዝም ብሎ አንድ ትልቅ ቺፕ ወርውሮ ሬዝ ያደረገ መስሎት ሲከራከረኝ ነበር! በደንቡ ዝም ብሎ የተወረወረ አንድ ትልቅ ቺፕ ኮል ነው። አራት አድርጎ ከዚያ ተመልሶ ሌላ አራት ማምጣትም አይፈቀድም። የቤት ኪራይህን ገንዘብ ይዘህ ደግሞ አትምጣ፤ በፈራ ገንዘብ ሬዝ የሚያደርግ ሰው አላየሁም።

በሚቀጥለው የእረፍት ቀንህ ካርታ ሳይከፋፈል ጀምረህ ፖቱን ቁጠር፤ በዶላር ሳይሆን በ4 ዶላር ቁጠረው፣ ይቀልሃል። 48 ዶላር 12 ነው፣ 72 ደግሞ 18። ኪንግ ወይም ኤስ ተጣምሮልህ ከቀኝህ ሰው ሲያስይዝ ቁጥሩ ስንት እንደነበር፣ ከኋላህ ስንት ሰው እንደጣለ በስልክህ ላይ ጻፈውና ላክልኝ። እኔም ቁጭ ብዬ አየዋለሁ።